ለፋሲካ ያልኩሽ ጭፈራ

አስኩዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ብሎ አጽናንቶኝ ነበር። እኔን ጊዜ ያስረሳኝ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ ብቻ ነው። ትናንት ማታም ሻይ ለሁለት ቀድቼ አንዱን መልሼ ደፋሁት።

ቤታችን የለም። ቀስ ብዬ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ሙት ዓመትሽን ሳናወጣ ሰፈሩ በሙሉ ለልማት ተነሣ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲመጣ የእኛ ፎቅ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግር መንገድ ሆኗል፤ ሣር፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ያምራል፣ መዋሸት አልችልም። ዕድሩ ግን ተበተነ፤ ድንኳን አብረን ስንጥል የኖርን ሰዎች አንዱ የከተማው አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላው ጫፍ ደርሶታል። እኔ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ልጃችን ትዕግስት አንድ ቀን መጥታ ነጭ ሽንኩርት ብትወቅጥልኝ፣ ከታች ያለው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን እየደበደበ ዝም በሉ አለን።

የድሮው የጣውላ ወለላችን ትዝ ይልሻል? መስቀል ሲደርስ፣ አትክልት ተራ ቆመሽ ቲማቲም ስትሸጪ የዋልሽው ሴት፣ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አስረሽ እንደ ጉራጌ አገርሽ ወግ በእግርሽ ስትጨፍሪ ጣውላው ታች ሱቁ ድረስ ይሰማ ነበር። ባለሱቁ መጥረጊያ አያነሣም፤ ከታች ሆኖ ያጨበጭብልሽ ነበር። እኔ የእሪ በከንቱ ልጅ ትከሻ እንጂ እግር አላውቅም። እግርህ የሚያውቀው የስፌት መኪና ፔዳል ብቻ ነው፣ ከወገብህ በታች ገና ተሰፍተህ አላለቅህም እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ ከደንበኛ እንኳ እንዲህ ያለ ስድብ አልሰማሁም። ላስተምርህ ስትዪኝ ለከርሞ እላለሁ። ለከርሞ የማለት በሽታ ነበረብኝ።

ያን ሁዳዴ አልጋ ላይ ሆነሽ የለመንሽኝን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለትዕግስትም። ሐኪሞቹ ቤቷ ትረፍ ብለው ከሸኙሽ በኋላ ነው። ጌታቸው፣ አንዴ ጨፍርልኝ አልሽኝ። አሳምረህ አላልኩህም፣ ብቻ ጣውላው ይጩህልኝ፣ ቤቱ ዝም ሲል የሞትኩ ይመስለኛል አልሽኝ። እኔስ ምን መለስኩ? በሁዳዴ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ሚስቱ ታማበት ይጨፍራል አይሉኝም? ለፋሲካ አልኩሽ። ፋሲካም ሩቅ አይደል ብለሽ ዓይንሽን ጨፈንሽ። አልተቆጣሽኝም። ተቆጥተሽኝ ቢሆን ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

በሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን፣ አራዳ ጊዮርጊስ ላንቺ ምሕረት እየለመንኩ ስሰግድ ነው ያረፍሽው። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። ከዚያ ሁሉ መውደቅና መነሣት ትንሽ ቀንሼ ቤት ባመጣልሽ ምን ነበረበት? ትዕግስት ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ፣ ሳትናገር ገባኝ። ሳምንቱ ሕማማት ነውና ፍትሐት እንኳ አልተደረገልሽም፤ በሆሳዕና ለሁሉም የተደረገው ይበቃታል አሉኝ ካህናቱ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሆነ። እኔም ሥርዓት ጠብቄ ነበር። ፋሲካ በአራተኛው ቀን መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ ደረቀ። አንገቴ አልዞር፣ እጄ ከመቀሱ አልስማማ አለ። ትዕግስት ጤና ጣቢያ ብትወስደኝ፣ ነርሷ ሐዘን የከበደባቸው ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው የሚወዛወዙበት አዳራሽ አለ ብላ ላከችኝ። ከድልድዩ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አስቢው፣ አንቺን ለከርሞ ስልሽ ኖሬ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ጭፈራ ልማር ገባሁ! አሠልጣኟ የትዕግስት እኩያ ናት። ሐዘን ሰውነት ውስጥ ይደበቃል፣ የሚወጣውም ሰውነት ሲንቀሳቀስ ነው ትላለች። ልጇን የቀበረች አንዲት እናት ሁለት ወር ሙሉ ጥግ ይዛ ቆማ ከርማ፣ አንድ ቅዳሜ እጆቿን ዘርግታ ስትሽከረከር እያለቀሰች ሳቀች። በዓይኔ ስላየሁ ውሸት ነው አልልም። እምቢ ያለው እኔን ነው።

አንድ ቀን አሠልጣኟ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሰውነታችሁ የፈለገውን ያድርግ፣ ተዉት አለችን። የእኔ ሰውነት የፈለገው ስግደት ነበር። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። ይኸው መጣልዎት አባባ ብላ አጨበጨበችልኝ። ምን ታድርግ፣ የት እንዳለሁ አታውቅም። እኔ ያን ረቡዕ ጊዮርጊስ ግቢ ነበርኩ፤ አንቺ ቤት ተኝተሽ ጣውላው እስኪጮህ ትጠብቂያለሽ። ጃኬቴን አንሥቼ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም።

ስለዚህ ዳንኩ ብዬ አላታልልሽም። የምድንም አይመስለኝም። ይቅር የሚል ሰው ከሌለ ይቅርታ መጠየቅ ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው። ትዕግስት ለራስህ ጊዜ ስጠው አባዬ ትለኛለች። ጊዜ መስጠት አይደል እዚህ ያደረሰኝ?

አንድ ነገር ብቻ ይዣለሁ። ቤቱ ሲፈርስ ጣውላው ለማገዶ እየተጫነ ሳለ፣ ከአልጋችን አጠገብ የነበረውን፣ ያን ጫፉ የተነሣውንና ስትረግጪው የሚያቃስተውን፣ ከጭነቱ መዝዤ ወሰድኩት። ትዕግስት ምን ያደርግልሃል ብትለኝ መደርደሪያ እሠራበታለሁ አልኳት። እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አውጥቼ ሴራሚኩ ላይ አጋደምኩት። ሁዳዴ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ራሴ እነግራቸዋለሁ። እግሬ ዛሬም አልተማረም፤ እንዳንቺ ሳይሆን ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ነው የምጨፍረው። አንቺን አያስነሣሽም፣ እኔንም አያድነኝም፣ ዘግይቷል። ነገር ግን እግሬ እስካለ ድረስ፣ በየዓመቱ፣ በለመንሽኝ በሁዳዴ፣ ይህችን ጣውላ አስጮህልሻለሁ። ይህን ለከርሞ አላደርገውም።

ከታች ያለው ሰውዬ መጥረጊያውን ማንሣቱ አይቀርም። ወጥቶ ቢያንኳኳ በሩን እከፍትለትና ስምሽን እነግረዋለሁ። አስካለ ትባላለች፣ ቤቱ ዝም ሲል አትወድም እለዋለሁ።

እንግዲህ እስክሪብቶዬን ላስቀምጥና ልነሣ።

ያንቺው ጌታቸው