ሳልፈትሽ ያስገባሁት አረንጓዴ ኮራል

ደባርቅ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ሐኪሙ ማንበብ ስለከለከለህ ይህን እህትህ እትዬ ስጦታ ያነቡልሃል። እባክህ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣቸው ስማኝ። እዚያ እሳቸው ቤት ሆነህ በደወልክ ቁጥር «የኮራሎቼ ገንዳ እንዴት ነው?» ትለኛለህ፤ እኔም «ደህና ነው» እልሃለሁ። ደህና አልነበረም። ድምፅህን እየሰማሁ እውነቱን መናገር ስላቃተኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ነገ ለሚኒባስ ሹፌሩ ለደርቤ እሰጠዋለሁ።

ለዓይንህ ሕክምና ጎንደር ልትሄድ አራት ቀን ሲቀርህ ያን ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ ኮራል ከአዲስ አበባ ይዤልህ መጣሁ። ፊትህን አስጠግተህ ብታየውም ጥላ ብቻ እንደሆነብህ ገብቶኝ ነበር። ያልከኝ ግን ሁልጊዜ የምትለውን ነው፤ «ትንሿ ገንዳ ውስጥ ስድስት ሳምንት ይቆይ። መድኃኒቱ ውስጥ ንከሪው፣ ሥሩን በአጉሊ መነጽር እዪው። ተባይ ተደብቆ የሚገባው ከሚያምር ነገር ጋር ነው።» እሺ አልኩህ።

በሄድክ በማግስቱ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አስገባሁት።

ዓይንህ ድኖ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው እሱ እንዲሆን፣ ከትልቁ መብራት ሥር ፈክቶ እንዲጠብቅህ ፈልጌ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ሰልችቶኝም ነበር። የደባርቅን የታኅሣሥ ብርድ ታውቀዋለህ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለት ገንዳ በጋቢ መጠቅለል፣ ለሁለቱም ውሃ ማሞቅ፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎቼ መሮጥ። አንዱን ሥራ ልቀንስ ብዬ ነው ያደረግኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ብርሃኔ ተዘጋ። ከሦስት ራስ ጀምረህ፣ አሥር ዓመት ተንከባክበህ ሰሃን እስኪያክል ያሳደግኸውን ብርቱካናማ ኮራል ማለቴ ነው። በባሕር ኃይል ሳለህ ዋና ባስተማረህና ምጽዋ ላይ በቀረው ጓደኛህ ስም እንደምትጠራው የማላውቅ ይመስልህ ነበር፤ ስታዋራው ግን ከጓዳ ሆኜ እሰማህ ነበር። መብራት ሲበራ እንደ አበባ የሚፈኩት ራሶቹ አልከፈት አሉ። ብርዱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በአራተኛው ቀን ከዳር በኩል ባዶው ድንጋይ ሲታየኝ አጉሊ መነጽርህን አነሣሁ። ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር፣ የሚበላውን ኮራል ቀለም ለብሶ ተለጥፎበታል። አረንጓዴውን ገልብጬ ሳየው ደግሞ ሥሩ ላይ እንቁላሉ እንደ ነጭ ክር ተጠምዝዟል። ሥሩን እዪው ያልከኝ ለካ ይህን ነበር።

መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ኢክላስን ጠራኋት። የኮራሉ መርዝ ዓይን ያጠፋል ያልከው ትዝ ብሎኝ ስለነገርኳት ጓንትና የዓይን መከላከያ ይዛ መጣች። ምላጩን ሳነሣ፣ «እኔ ልፋቅ፣ አንቺ ያዢልኝ» አለችኝ። ኮራሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥተን፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ በበጠበጥነው መድኃኒት ነክረን አራገፍናቸው። ያን ቀን ብቻ ሠላሳ አንድ ተባይ ረገፈ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በጥርስ ብሩሽና በምላጭ ፋቅነው፤ አልለቅ ያለበትን ድንጋይ ሰብረን ጣልነው። ከዚያ ወዲህ የሚፈለፈለውን እየጠበቅን በየአምስት ቀኑ ደገምነው፤ በጠቅላላው አምስት ጊዜ።

አባዬ፣ ነግሬህ የማላውቀው ሌላ ነገር አለ። እማዬ ባረፈች በዓመቱ ያን ገንዳ ሳሎን ስታቆም ጠልቼው ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ የማየው ጀርባህን ነበር። ሐዘኑን ከእኔ ጋር ከመካፈል ከውሃው ጋር መካፈል መረጠ ብዬ አኮረፍኩህ። አንተም አልጠየቅኸኝ፣ እኔም አልነገርኩህ።

ኢክላስ በመጣች ቀን የመድኃኒቱን መጠን ፍለጋ ማስታወሻ ደብተርህን ገለጥኩ። እትዬ ስጦታ፣ እዚህ ላይ ዓይኑን እንዳያሽ እጁን ይያዙልኝ። ኅዳር 2008 ላይ እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፤ «ጽጌሬዳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ቀዩ ኮራል ሲፈካ ሳታይ እንዳትሄድብኝ ሳልፈትሽ አስገባሁት። አይታው ሳቀች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ግማሹ ገንዳ በተባይ አልቋል። ስትደውል ደህና ነው አልኳት።»

ቀዩን አስታውሰዋለሁ። መሳቄን ግን አላስታውሰውም፤ አንተ ነህ ያስቀመጥክልኝ። ደብተሩን ይዤ ስቀር ኢክላስ ባልዲዎቹን ራሷ ተሸክማ ወጣች።

ከብርሃኔ የተረፈው አሥራ አንድ ራስ ነው። ይህን ስነግርህ አፍራለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን አሥራ አንዱም ተከፍተዋል። ከመጨረሻው ንከራ ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት አንድም ተባይ አላየሁም፤ ጠፍቷል ብዬ ግን አልምልልህም፤ በየቀኑ በአጉሊ መነጽሩ አያለሁ። አረንጓዴውን አውጥቼ ልጥለው ነበር፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ። እሱ ምን አጠፋ? ትንሿ ገንዳ ውስጥ ስድስት ሳምንቱን እንደ አዲስ ጀምሯል፤ ውሃውን እኔው አሞቅለታለሁ።

ሐኪሙ ግራ ዓይንህን አይቶ ሲያሰናብትህ ደርቤ ጋቢና ያስቀምጥሃል፤ ነግሬዋለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገበያ ቀን ከሆነ አቧራው ከባድ ነው፣ መስኮቱን ይዝጋልህ። እስከዚያው ስትደውል «ደህና ነው» አልልህም፤ ስንት ራስ እንደተከፈተ ቆጥሬ እነግርሃለሁ።

እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ተቆጣኝ አባዬ፤ ብቻ በስልክ አይሁን። ቤትህ ግባና ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ተቆጣኝ።

የምትወድህ ልጅህ
ጽጌሬዳ