በጉድጓዳችን ስለወረደው ቀስተ ደመና

ግንቦት 2010 ዓ.ም.
ዳንግላ

ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ለተባሉት፣ ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ የታሸገ ውሃስ እንደ ልብ ይገኛል? ይህን የምጽፍልዎ ባለጋሪው ነጋ ደሴ ስሆን፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በጽሕፈት የሚስተካከለኝ የለም። መቼም የእንጅባራዎቹን አልጠየቅኋቸውም፤ ከጎልማሶች የማታ ክፍላችን ግን አንደኛ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት አቶ ወገኔ መነጽራቸው ባይሰበር ኖሮ ሁለተኛ እሆን ነበር። ቅሬታዬንም መምህራችን እንዳስተማሩን በተራ፣ ከምስጋና ጋር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከቤታችን በላይ ባለው ማደያ የተቀበረው አሮጌ ታንከር ተቀዶ ናፍጣው ወደ ጉድጓዳችን መውረድ ሲጀምር፣ ማስጠንቀቂያውን በሚያምር ጽሑፍ ማደያው ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉልን እጅግ እናመሰግናለን። መንገደኛ ሾፌር ሁሉ አንብቦት፣ ከእኛ ጉድጓድ ሳይጠጣ በሰላም አልፏል። እኔና ባለቤቴ የሻረግ ግን ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርንም፤ ቤታችን ድረስ ወርዶ በአፉ የነገረንም የለም።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት በመስከረም፣ የሻረግ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትጮህ ሰምቼ ብሮጥ፣ ባልዲው ውስጥ ቀስተ ደመና ተኝቷል። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አንድም አልጎደለ። ለኖኅ በሰማይ የታየው ለእኛ በባልዲ ወረደልን ብላ ተንበረከከች። ሽታው ይከብዳል ብላት፣ ጸበል ሽቶ መሰለህ እንዴ አንተ ሰውዬ ብላ ተቆጣችኝ። የቆየ የሆድ ሕመም ነበረባትና ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እህል ሳትቀምስ፣ አማትባ ትጠጣው ጀመር፤ ለጎረቤትም በጀሪካን አደለች። ፈረሴ ዳማ ብቻ አሽትቶ አፉን አዞረ፤ እምነት የጎደለው ብላ ሰደበችው። ዳማ ከጽሕፈት ቤትዎ ቀድሞ ምርመራውን እንደጨረሰ የገባን ቆይቶ ነው።

ሦስተኛ፣ በጥቅምት የጽዳት ሠራተኞችዎ መጡ፤ ጸበላችን ናፍጣ መሆኑንም ያን ቀን ሰማን። የሻረግ ታማ ከተኛችበት ተነሥታ በየደጁ ዞራ፣ ያደለችውን ውሃ ድፉልኝ ብላ ለመነች። ሠራተኞችዎ በበኩላቸው የጠቆረውን አፈር ከላይ ከላዩ አነሡ፣ ቀይ አሸዋ አለበሱት፣ ፎቶግራፍም ተነሡ። ያነሡትን አፈር ሩቅ መንገድ እንዳያንገላታው አዝነውለት ነው መሰል፣ ከእኛ አጥር ጀርባ አሳረፉት፤ ዝናቡም አጥቦ መለሰልን። ታንከሩ ዛሬም እዚያው ነው። ውሃውንማ ማን ይንካው! ጽዳቱ ተጠናቋል የሚለውን ማስታወቂያዎን ግን ዘንድሮ በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው።

አራተኛ፣ የሻረግ የዚያው ዓመት የገና በዓል ሳይደርስ ዐረፈች። ከውሃው ይሁን ከቆየው ሕመሟ ሐኪሙ ለይቶ አልነገረኝም፤ እርስዎም አልተረጋገጠም ብለዋል፤ አልከራከርዎትም። ያንን ጉድጓድ በተጋባን ዓመት እኔ እየቆፈርኩ፣ እሷ አፈሩን በገመድ እየሳበች ነው ያወጣነው። አሁን አፉን በቆርቆሮ ከድኜ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ባልዲው የተንኳኳ እየመሰለኝ ከመኝታዬ እነሣለሁ። ለዚህኛው ተራ ቁጥር የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሷ እንኳ ሆደ ሰፊ ነበረችና፣ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ ይቅር ብያቸዋለሁ በልልኝ ብላለች።

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱ እየገባ ነው። ከእኛ በታች ያለችው እትዬ አምሳለ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ከጉድጓዷ ቀድታ ልጆቿን ታጠጣለች፤ ቀስተ ደመናው እሷ ዘንድ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ታንከሩ እንዲወጣ፣ አፈሩ እስከ ሥሩ ተቆፍሮ ከሰፈር እንዲርቅ፣ ውሃውም ተመርምሮ እንዲጸዳ፣ እስከዚያው ደግሞ ከቢሮዎ አንድ ሰው በእግሩ ወርዶ በአፉ እንዲነግራት በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ነግሬያታለሁ፤ አንተ መቼ ቁም ነገር ታውቃለህ ብላ ሳቀችብኝ።

ደጅዎን ሲጠና ጫማው ያለቀ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ ዘወትር የሚጸልይልዎ፣
ነጋ ደሴ፣ ባለጋሪና አንባቢ

ማስታወሻ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። የሻረግ ይቅር አላለችም፤ ስለ እርስዎም አላነሣችም። የታሸገ ውሃ ገዝቼ ባቀርብላት፣ ይሄ የእኔ አይደለም ብላ መለሰችውና፣ ጉድጓዴን አጸዱት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ሳላገኝላት ሄደች። እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።