በዓሣው ሆድ የቀረው ትል

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ከበደ፣ ደልጊ።

አባዬ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ በረታ? የእማዬ ወገብስ ተሻለው? ሐይቁስ፣ ነፋሱ ጋብ አለለት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ድካም ብቻ አልለቅ ብሎኛል። ምግብ ቤቴ ውስጥ ዓሣ ስጠብስ ቆሜ ስለምውል ማታ ማታ እግሬ የኔ አይመስለኝም።

ይህን ልጻፍ አልጻፍ ስል ሳምንት አለፈኝ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከላኩልኝ ነጭ ዓሣ አንዱን ደንበኞች ፊት ስበልት፣ ከሆዱ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ትል ተጎልጉሎ ወጣ። አንዲት ሴት ኮሶ ነው ብላ ጮኸች፤ ቤቱ ባዶ ቀረ። ደንበኛዬ የሆኑት ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም፣ ጋሼ ጓንጉል፣ ይህ የዓሣ ኮሶ ነው፣ ከውኃ ወፍ ኩስ ወደ ሐይቁ ገብቶ ዓሣው ውስጥ ያድጋል እንጂ ሰው አይጎዳም ብለው አስረዱ። ማን ይስማቸው! ወሬው አትክልት ተራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሳምቡሳ የምትሸጠው ጎረቤቴ ናኢማ ብቻ፣ ሰው ይይልኝ ብላ ደጄ ላይ ቆማ ሁለት ዓሣ በላችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ገበያው ይመለሳል፤ እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። የቀሩትን ብፈትሽ ሰባቱ ውስጥ ትል አገኘሁ። እርስዎ እኮ የእያንዳንዱን ዓሣ ሆድ ወደ ፀሐይ ገልጠው ሳያዩ ቅርጫት ውስጥ አይጥሉም ነበር። ትሉንም ወፍ እንዳያገኘው አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል። ዓሣ በላኩልኝ አሥራ አንድ ዓመት አንድም አላመለጠዎትም። ችላ ብለው ነው ብዬ አላስብም። አባዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ለምን ደበቁኝ? ከትሉ ይልቅ እሱ አሳዘነኝ።

የዓይን ሞራ ከሆነ እዚህ ይገፍፉታል፤ ጋሼ ጓንጉልም ሐኪም ቤት አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብለዋል። እስከዚያ ዓሣ አይላኩልኝ። ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ፤ ዓሣውን ለመፈተሽ በእርስዎ ፈንታ ቢላዎን ሌላ ሰው እንዲይዝ ስለማልፈልግ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ፍቃዱን፣ ሚስቱን ኤልሳቤትን፣ ትንሿን አዲስዓለምን ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዬን ለሰው ሰጥተው አስነብበው አያውቁም። ይህንንም ራስዎ እያነበቡት ከሆነ ተሳስቻለሁና እንደ ልብዎ ይቆጡኝ። ፍቃዱ እያነበበልዎ ከሆነ ግን ቅዳሜ ይዞዎት ይምጣ፤ አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ ሠርኬ
መርካቶ፣ መሳለሚያ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.