እህቴን የሚሰማ የሌለባት መንደር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ታርኔት

ከእንግሊዝ ወደምኖርበት ወደ ታርኔት ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ልቤ ግን አሁንም እዚያች የገጠር መንደር፣ እህቴ ዘንድ ነው። እትዬ አሰለፈች የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ እንግሊዝኛው ጨርሶ ጠፍቶባት የቀራት አማርኛ ብቻ ነው። ልጇ ሩት ደግሞ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የማታውቅ ናት። በመንደሩ ሌላ ሐበሻ የለም።

ሩት እንግዳ መጣልኝ ብላ በመኪና አዞረችን። የፈረሰውን ግንብ፣ የድሮውን የውሃ ወፍጮ፣ ወንዙ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ አሳየችን። እትዬ አንዱንም ቀና ብላ አላየችም። እጅጌዬን ይዛ ስለ አባታችን፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ በልጅነታችን ዝናብ ስላበሰበሰን ቀን ታወራኛለች። ሩት በመስታወቱ አየችንና በእንግሊዝኛ፣ "እማዬ እኮ ማውራት ካቆመች ወራት ሆኗታል" አለችኝ። ዝም ያሰኛት በሽታው ብቻ አልነበረም፤ የሚሰማት አጥታ ነው። እኔም ትቻት መጣሁ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ሩት ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ ምን እያለች ነው?" ብላ ስልኩን ለእናቷ አስጠጋችላት።

"እህቴ የት ሄደች? አሁን እዚህ ነበረች" ትላለች እትዬ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! አለሁ" አልኳት።

እሷ ግን እንደ ባዳ አንቱ ብላ፣ "እባክዎ፣ እህቴን ይጥሩልኝ" አለችኝ።

ሩት እናቷ ምን ፈልጋ እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልንገራት?