ዝቅ ያለው ትከሻ

ውድ ልኬ፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቤት የኖረ ሰው ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል? ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ታላቅ እህትሽ አንስታ «ሥራ ላይ ናት» አለችኝ። እሷ ደግሞ ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል። ስለዚህ የሳንቃ ልክ በምጽፍበት እርሳስ ይኸው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽና አትሳቂብኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሴት የለችም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ኖራም አታውቅም። ያለው መድኃኒት ነው።

ባለፈው ዓመት እንዴት እንደሆንኩ አይተሻል። በር ብቻዬን ተሸክሜ ፎቅ እወጣ የነበርኩ ሰው አንድ ሳንቃ ልጌ የምቀመጥ ሆንኩ። ከምሳ በኋላ መላጊያውን እንደያዝኩ ያሸልበኛል። በትንሽ ትልቁ እነጫነጭ ጀመር። አልጋ ላይ ጀርባዬን ስሰጥሽ አንቺ «ደክሞህ ነው» ብለሽ ብርድ ልብሱን ታለብሺኝ ነበር። ያ ደግነትሽ ከስድብ ይልቅ ያመኝ ነበር።

ተደብቄ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጄ ለማለት ትንሽ የቀራት ወጣት ናት። የመጣሁበትን ላለመናገር ስለ ወገቤም፣ ስለ ጉልበቴም፣ ስለ አየሩም አወራኋት፤ በመጨረሻ እሷው ጠይቃ አወጣጣችኝ። በሁለት የተለያየ ቀን በጠዋት ደም አሰጠችኝና «ጋሼ፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በጣም ወርዶብዎታል። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት የሚታከም ነገር ነው፤ ምን ያሳፍራል?» አለችኝ። እሷ ምን አለባት!

ከዚያ ያሉትን አማራጮች ነገረችኝ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የሚወጉት መርፌ አለ፤ መጀመሪያ ያበረታል፣ ወደ ማለቂያው ይከዳል። እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ። ከቆዳ ስር ተቀብሮ ወራት የሚቆይም አለ። የመጨረሻው በየጠዋቱ ትከሻ ላይ የሚቀቡት ቅባት ነው። እሱን መረጥኩ፤ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፎ ማንም ሳያውቅ መቀባት ይቻላላ! «ግን ከእርስዎ ቆዳ ወደ ባለቤትዎ ይተላለፋል» አለችኝ። «እጅዎን ይታጠቡ፣ ሲደርቅ ሸሚዝ ይልበሱበት፣ ቦታውን ሳይታጠቡ አያስነኳት።»

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ምክንያቱን ነው ያላወቅሽው። በሩን መቆለፌ፣ የአልኮል ሽታው፣ ከሥራ ስገባ ሰላም ሳልልሽ ወደ ውሃው መሮጤ፣ በሸሚዝ መተኛቴ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ስልሽ «እንጨት ከመቼ ወዲህ ነው ሽቶ ሽቶ የሚለው?» አልሽኝ። ቅንድብ አስተካክላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው። ወደ አንቺ ልመለስበት የጀመርኩት ነገር ከአንቺ አራቀኝ።

ያን ቅዳሜ ቁርስ ላይ ከኋላዬ መጥተሽ ቀኝ ትከሻዬን ስትይዢው «አትንኪኝ!» ብዬ ዘለልኩ። ቅባቱ ገና አልደረቀም ነበር። እጅሽን ቀስ ብለሽ አነሳሽ። «ማን ናት?» አልሽ። የጀመርሽውን መጋረጃ ጠርዙን ሰፍተሽ ጨረስሽ፣ ክሩን በጥርስሽ በጠስሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። አንድ ቃል ብናገር ትቆሚ ነበር። ወንድ አይደለህም እንዳትይኝ ፈርቼ፣ ከሐዲ እንድትይኝ መረጥኩ።

ከዚህ የባሰም አለ። ሐኪሟ ቅባቱን ከማዘዟ በፊት «ልጅ ታስባላችሁ?» ብላኝ ነበር። መድኃኒቱን እስከወሰድኩ ድረስ ሰውነቴ ዘር ማምረቱን ሊያቆም እንደሚችል አስረዳችኝ። «ትተነዋል» አልኳት። ልኬ፣ የተውኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሞክረን አንድ ቀን ዝም አልን እንጂ ተነጋግረን አናውቅም። ከስፌት የተረፈውን ለስላሳ ጨርቅ ሁሉ «ለትንሽ ሰው ይሆናል» እያልሽ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ይህን እያየሁ ነው በአንቺ ስም የመለስኩት። አፍራለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወደ ሐኪሟ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት። ተቆጣችኝ፤ ደግ አደረገች። ቅባቱንም አስቆመችኝ። ሰውነት ራሱ ሆርሞኑን እንዲያመርት የሚቀሰቅስ፣ ዘርን የማይዘጋ ሌላ መድኃኒት አለ አለች። ወራት ይፈልጋል፤ ልጅ ይመጣል ብላም ቃል አልገባችልኝም። እስከዚያው ድካሙ እየተመለሰብኝ ነው፤ ዛሬ የአንድ ወንበር እግር ሁለት ጊዜ አርፌ ጨረስኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ መድኃኒቱንም ደበቅሁ። ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

መጀመሪያ ሸሚዝ ልትሰፊልኝ ስትለኪኝ «ቀኝ ትከሻህ ከግራው ዝቅ ይላል» አልሽኝ። ልኬ ማለት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከተጋባን በኋላ ደግሞ «ለእኔ ጭንቅላት ተብሎ የተሠራ ነው» ትዪ ነበር። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ እዚያ ትከሻ ላይ ከእንጨት ብናኝ በቀር ምንም የለም።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረሽኝ ብትገቢ እወዳለሁ። መምጣት ከከበደሽ በእህትሽ በኩል አንድ ቃል ላኪልኝ። ቃሉ «ትተነዋል» ቢሆን እንኳ ከአንቺ ልስማው። ሐኪሟ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ስትጠይቀኝ «ባለቤቴን ልጠይቃት» ብያታለሁ።

ይኸው ጠየቅሁሽ።

ትከሻውን ታጥቦ የሚጠብቅሽ፣
አናጢሽ