የሰሜኑ ግድግዳ

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
ዛሬም ጭድ ስንቆልል ዋልን። ክንዴ ተቧጭሯል፣ አንገቴን ያሳክከኛል። ሽማግሌው ጎረቤታችን ቪላስ እንደ ልማዱ አጥሩን ተደግፎ "እና ፈረሱ መቼ ነው የሚገባው?" አለኝ። ባሌ አስገር ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ኦዴንሴ ከተማ መሃል በታሰረ ጭድ ቤት እንሠራለን ብለን ተነስተን ምን ልንባል ኖሯል?

ሐሙስ፣ ጁላይ 17
የጣሪያው እንጨት ቆመ! የጣሪያ እንጨት ሲቆም መደገስ የአገሩ ደንብ ነውና ነገ ድግስ አለብን። በነጻ የለፉልን ጓደኞቻችን ቢራና ቋሊማቸውን ይጠብቃሉ። እንደ ልማዱ የቅጠል ጉንጉን ከጣሪያው እንጨት ላይ ይሰቀላል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19
ምን ብዬ ልጻፍ... ትናንት ለድግሱ አስገር በመንገዱ በኩል የሰሜኑን ግድግዳ ከዝናብ የሚከልለውን ሸራ ገፎ አወረደው። ጉንጉኑም ግድግዳውም ለእንግዳ ይታይ ብሎ። ሰው ከተሸኘ በኋላ፣ መልሰው አልኩት።
"ጠጥቼ መሰላል ልውጣልሽ? ሰማዩ እንደሆነ ጥርት ብሏል።"
ጠዋት ስንነሳ ዶፍ። የሰሜኑ ግድግዳ እስከ ታች ርሷል።

እሑድ፣ ጁላይ 27
እናፍርሰውና በደረቅ ጭድ እንተካው ብዬ ለመንኩት። ይሉኝታ ያዘው። ጓደኞቻችንን በደገስኩላቸው ማግስት መልሼ ለሥራ ልጥራቸው? አለ።
"ጭድ ይተነፍሳል፣ ራሱ ይደርቃል። አንቺ ብቻ አታፍኚኝ።"

እሑድ፣ ኦገስት 3
ጭቃውን መረገበት። ብቻውን። ደግሞ አምሮበታል... ያናድዳል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16
ከገባን ሳምንታችን። ይሞቃል፣ ጸጥ ይላል። ግን ይሸታል... ወይስ ለእኔ ብቻ ነው? እህቴ መጥታ "ጫካ ጫካ ይላል" አለች። አስገር ሙገሳ መስሎት ደስ አለው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 2
ከአልጋው ጀርባ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ስጠርግ ጣቴ ጭቃውን በስቶ ገባ። ውስጡ ጥቁር፣ ሻጋታ። አንድ እፍኝ ዘግኜ ቁርሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየው፣ አየው...
"ማን ነካኪው አለሽ?"
ይኸው ነው ያለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 11
ሊጠገን አልቻለም፤ ጣሪያው ወረደ፣ ግድግዳውም ፈረሰ። የበሰበሰውን ጭድ ቪላስ ለድንች መደቡ በጋሪ አመላለሰው። ስለ ፈረሱ ቃል አልተነፈሰም። ኮፍያውን አውልቆ "አይዞሽ ልጄ" ብቻ አለኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቢቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር።
እኔ እህቴ ዘንድ ገብቻለሁ። አስገር የቤቱን ቁልፍ ሲቀበለኝ፣ "በሚቀጥለው ቤት ጣሪያው ሳይለብስ ሸራ አይነሳም" አለኝ። ትምህርቱስ ገብቶታል።
የሚቀጥለውን ከማን ጋር እንደሚሠራው አልጠየቅኩትም።