ለከባድ ክንድ ለስላሳ መርፌ

ውድ ጋሽ ግዛው፣

እርስዎን ነው የማወራው፤ ሌላውን ሁሉ ይተዉና ይስሙኝ። «ውድ» ያልኩት ለወጉ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ በሆዴ ስሰድብዎት ከርሜ ዛሬ ንዴቴ ራሱ ቀለለኝ። የእትዬ ፀሐይወርቅ የሙዚቃ ሸክላ አልተቧጨረም። ደህና ነው። እኔ ሶሬቲ አላበላሸሁትም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። እርስዎ ሰው ሲያወራ መሃል ገብተው ማስተማር ይወዳሉ፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

እትዬ ፀሐይወርቅ ያንን ከባድ የሸክላ ማጫወቻ በባጃጅ ጭነው ለቡ መብራት ኃይል ያለችው የጥገና ሱቄ ሲመጡ፣ መስማት የፈለጉት አንድ ትንሽ ሸክላ ብቻ ነበር። ሟች ወንድማቸው ሚሳኤል አኮርዲዮን የተጫወተበት ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ሚሳኤል ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ዘፈኑን ተዪው ልጄ፤ ፎቶው አለኝ፣ ከድምፁ የቀረኝ ግን ያቺ ጉሮሮ መጥረጉ ብቻ ናት» አሉኝ።

የማጫወቻው አሮጌ መርፌ ተሰብሯል። ስለዚህ ብስራተ ገብርኤል እርስዎ ሱቅ መጣሁ። እኔ ሬዲዮ እየፈታሁ በራሴ የተማርኩ ነኝ፤ በሸክላ ነገር ከእርስዎ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ከውጭ የመጣውን ምርጥ ካርትሪጅ ሰጡኝ። ካርትሪጅ ማለት መርፌዋን የሚይዘው ራስ ነው፤ ይህን የምለው ደብዳቤውን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነው። መርፌዋን በጣቴ ነካ ባደርጋት ልምጥ አለች።

«ጋሼ፣ ይቺ በጣም ለስላሳ ናት። የዚህ ማጫወቻ ክንድ ደግሞ ብረት ነው፣ ከባድ ነው። አይጋጩም ወይ?» አልኩ።

ምን አሉኝ? «ሶሬቲ፣ ምርጥ ነገር ከምንም ጋር ይሄዳል። አንቺ ብየዳሽን በይጂ።» ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ የራሴ ሳቅ ነው።

ገጠምኩት። መርፌዋ ገና ሸክላው ጫፍ ላይ ከማረፏ ዘለለች፤ ጉሮሮ መጥረጉን አልፋ አኮርዲዮኑ መሃል ገባች። ብደግመውም ያው። ደወልኩልዎት። «የአንድ ብር ሳንቲም ራሱ ላይ በፕላስተር ለጥፊበት፤ የድሮ ቡና ቤቶች እንዲያ ነበር የሚያደርጉት» አሉኝ። ለጠፍኩ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ልቤ እንቢ እያለኝ እጄ ታዘዘልዎት። ጭራሽ ባሰበት፤ ይህንንም ደውዬ ነገርኩዎት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ቆመው ያዩ ነበር። ማጫወቻውን እኔው ጋ ትተው ሸክላውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። በማግስቱ እርስዎ አራት መቶ ሰው ባለበት የሸክላ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምን ብለው ጻፉ? «ሶሬቲ የምትባል ልጅ ብርቅ ሸክላ ቧጭራ አጥፍታለች። ዕቃችሁን ለጀማሪ አትስጡ።» ከዚያ በኋላ ሸክላ ማጫወቻ ይዞ ደጄን የረገጠ ሰው የለም።

የባሰው ግን ምን መሰለዎት? እኔም አመንኩዎት። ሸክላውን ከማጫወቴ በፊት በጨርቅ ጠርጌው ነበር። ጨርቁ ላይ የብረት ብናኝ ኖሮ ቢሆንስ እያልኩ ራሴን በላሁ። እትዬ ፀሐይወርቅን ታክሲ ተራ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ሚሳኤልን ሁለተኛ የቀበርኩት እኔ መሰለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ራሳቸው መጡ።

«እስከ መቼ ትደበቂኛለሽ? በይ ማጫወቻዬን ስጪኝ፤ የቤቴ ልጆች የራሳቸውን ሸክላ ይስሙበት» አሉኝ።

መስራቱን ላሳያቸው አንድ የማይረባ ሸክላ አስቀምጬ መርፌዋን አሳረፍኩ። ይሄኔ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በደጄ አለፈ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ክንዱ መርፌዋ ላይ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ። አየሁት። በባጃጅ ሱስታ ላይ የሲኖትራክ አካል ጭነን ነው እኮ የከረምነው።

«እትዬ፣ ያንን ሸክላ ያምጡልኝ» አልኳቸው።

«ደግሞ ምን ልታደርጊብኝ?»

«ከዘለለ ሁለተኛ ዓይኔን አያዩትም።»

«ዓይንሽንማ አንቺው ከደበቅሽው ቆየሽ» ብለው ሄዱ፤ ይዘውት መጡ።

እስኪመለሱ ሳንቲሙን ነቅዬ፣ ከተጣለ ማጫወቻ ላይ የፈታሁትን ርካሽና ደረቅ፣ መርፌዋ ልምጥ የማትል ካርትሪጅ ገጠምኩ። የክንዱን የኋላ ክብደት እንደገና አስተካከልኩ። ሸክላውን ወደ ብርሃን አነሳሁት። አንድ ጎኑ ጎብጧል፤ ጭረት ግን የለውም። ያቺ ለስላሳ መርፌ ጉብታው ላይ ስትወጣ ነበር ከባዱን ክንድ መቆጣጠር የሚያቅታት። ደረቋ ወጣች፣ ወረደች፣ አልዘለለችም።

ሚሳኤል ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ ፀሐይወርቅ «ሲጋራውን ተውኩ ብሎኝ ነበር፣ ውሸታም» ብለው ሳቁ። ሰባት ጊዜ አስደገሙኝ። አኮርዲዮኑን እስከ መጨረሻ የሰማነው በስምንተኛው ነው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስድስት ወር የያዝኩትን ትንፋሽ ያን ቀን አወጣሁት።

አልጣላዎትም ጋሼ። ካርትሪጅዎም መጥፎ አይደለም፤ ቀላል ክንድ ፈልገው ቢገጥሙት ያምርበታል። ይቅርታውን ግን በስልክ በጆሮዬ አልፈልግም፤ ቢደውሉም አላነሳም። የከሰሱኝ በአራት መቶ ሰው ፊት ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ እዚያው ለጥፌዋለሁ። እኔ የለቡዋ ሶሬቲ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ፦ ቧጨረችው ብለው ሲጽፉ ሸክላውን በዓይንዎ አይተውት ነበር ወይስ አላዩትም? እዚያው ግሩፑ ላይ፣ በስምዎ፣ ሁሉም እያነበበ ይመልሱልኝ።